ከሙት ዓመትህ ድንኳን ለምን እንደወጣሁ

ውድ አባዬ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት ሆነን። ዓመቱን እንደ ሰው ሁሉ በወር ቆጠርኩት፤ ሁለቱን ሳምንት ግን በሰዓት ነው የቆጠርኩት ማለት ይቻላል። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ከኔው አፍ ስማ። ምናልባት ሰምተኸው ይሆናል፤ እዚያ ወሬ በምን እንደሚደርስ አላውቅም። በሙት ዓመትህ ዕለት፣ ቄሶቹ ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ ማዕዱ እስኪባረክ ሲጠብቅ፣ የበኩር ልጅህ ድንኳኑን ጥሎ ወጣ። ለማንም ምንም ሳይል።

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ የምጽፈው አይምሰልህ። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ በረንዳ እወጣለሁ፤ አንዱን ዓይኔን በመዳፌ ከድኜ የመንገዱን መብራት ምሰሶ አያለሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን እከድናለሁ። ምሰሶው ሙሉ ሆኖ ቀጥ ብሎ ከቆመ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አልማዝ «ምሰሶው ራሱ ሰለቸህ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነኝ።

የቤቱን ወሬ ባጭሩ ልንገርህና ወደ ዓይናችን ልግባ። ገርጂን ብታያት አታውቃትም። መንገዱ ሰፍቶ፣ ማለዳ ማለዳ አንተ ፀሐይ የምትሞቅባት የአጥራችን ጥግ የእግረኛ መንገድ ሆናለች፤ ሰው በላይዋ ይሄዳል። ሱቄም ከፊት ተነሥታ ወደ ውስጥ ገብታለች። ቴሌቪዥን የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ቆየ፣ አሁን የምጠግነው ስልክ ብቻ ነው። የልጅ ልጅህ ሜሮን ተመርቃ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ቢሮ ሥራ ይዛለች። ማታ ማታ ከመገናኛ ታክሲ ተጋፍታ ትመጣና ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ የዋለችበትን ታወራልናለች፤ አንተ ብትኖር «አማርኛው የቱ ፌርማታ ላይ ነው የወረደው?» ትላት ነበር። አልማዝ ደኅና ናት። ተቆጥታኛለች እንጂ ደኅና ናት፤ ቁጣዋም ከዚሁ ነገር የመጣ ነው።

ዓይኔን ያወረስከኝ አንተ ነህ። ሰፈሩ ሁለታችንንም «ጠርሙሶቹ» ይለን ነበር፤ የመነጽራችን ውፍረት የለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ያህል ስለነበረ። ላምበረት አውቶቡስ ተራ የስምሪት ሠራተኛ ሆነህ ስትሠራ መዝገቡን አፍንጫህ ላይ ለጥፈህ ነበር የምትፈርመው። ሾፌሮቹ «ጋሽ ዘውዴ መዝገቡን ሳያሸት መኪና አያስወጣም» ሲሉህ «ሽታው ካልጣመኝ ትቀራታለህ» ትላቸው ነበር። እኔም ሙያዬን የተማርኩት መነጽሬን አውልቄ አፍንጫዬን የሬዲዮ ሆድ ውስጥ ከትቼ ነው። ሩቁ ጉም ቢሆንብንም በቅርቡ ማንም አይደርስብንም እያልን እንኩራራ ነበር።

ከዚያ ሞራው መጣብህ። ቀኝ ዓይንህ ተሠርቶ፣ ሞራው ተገፎ ሌንስ የገባልህን ሰሞን አልረሳውም። ሐኪሙ የሩቁን የሚያሳይ ሌንስ ነው ያደረገልህ፤ በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መነጽር በረንዳ ላይ ቆመህ የየካን ተራራ ዛፍ አየህ። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ሰሌዳውን ጮክ ብለህ ስታነብ አልማዝ «አባባ፣ ትራፊክ ሆኑ እንዴ?» ትልህ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ብርሃን አዞርከኝና «አንተ፣ ሽበት አውጥተሃል ለካ» አልከኝ። ሽበቴ ከወጣ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም።

ቀጥሎ ያለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንበትም። እኔ ነኝ የሸሸሁት። ዛሬ ልጻፈው።

ዓይንህ ከተሠራ ሁለት ወር ሳይሞላው ጎረቤታችን ሞቱ። አንተ የእድራችን ጸሐፊ ነበርክ፤ መዝገቡም፣ ድንኳኑም፣ የስም ጥሪውም በአንተ እጅ ነው። ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ «ታዴ፣ ዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ። ትንኝ የመሰለ ጥቁር ነገርም ይዞረኛል» አልከኝ። ሐኪሙ ሲሸኝህ እንዲህ ያለ ነገር ካየህ ሳትውል ሳታድር ና ብሎህ ነበር፤ ከጎንህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። አንተም ረስተኸው አይደለም፤ ልጄ ምን ይለኛል ብለህ ነው የነገርከኝ። እኔ ደግሞ ዙሪያዬን አየሁና፣ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል፣ «ድካም ነው አባዬ፤ ሌሊቱን አልተኛህም። ጸሐፊው ጥሎ ከወጣ ሰው ምን ይላል? ሠልስቱ ይውጣና አብረን እንሄዳለን» አልኩህ። ራስህን ነቀነቅክና ወደ መዝገብህ ተመለስክ። ልጅ ሆኜ አንተን የምታዘዝ እኔ ነበርኩ፤ መቼ እንደተገለባበጥን አላውቅም።

በሠልስቱ ጠዋት ከታች በኩል ጥቁር መጋረጃ ወጣብኝ ብለህ ግድግዳ ይዘህ ቆምክ። በዚያው ቀን ይዤህ ሄድኩ፣ ግን ሬቲናው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ተላቅቋል ተባልን። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገልህ፣ አልያዘም። ሐኪሙ ማንንም ሳይወቅስ ረጋ ብሎ ነው የነገረን፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቅዳድ ብቻ ነበረች፤ ያኔ ቢደረስባት በጨረር ዙሪያዋን ማጣበቅ ይቻል ነበር፤ ፈሳሹ በቅዳዷ ገብቶ ሬቲናውን ከጀርባው ከላጠው ወዲያ ግን ሥራው ከባድ ነው አለን። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር የሰማሁት።

አክስቴ ወርቅነሽ፣ ያቺ ታናሽህ፣ ሰምታ ከደብረ ብርሃን መጣች። «እንዴት ሦስት ቀን ዝም ትላለህ?» ብላ ስትጮህብህ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «መዝገቡን ለማን ልስጠው? እኔው ነኝ ያዘገየሁት» አልካት። ይህን ስትል በደኅናው ዓይንህ አየኸኝ። እኔም ውሃ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የእድሩ መመኪያ ሆነ። ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸው እየጠፋ ከድንኳን ያልወጡ እየተባለ ለወጣቱ ሁሉ ይነገር ነበር። ቀብርህ ላይ የሕይወት ታሪክህ ሲነበብም ይኸው ተነበበ። ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የኔው ግን ሌላ ነው፣ ሆዴ ያውቃል። አፌን ከፍቼ «ሐሰት ነው፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ሳጥንህ ፊት ቆሜ አቃተኝ፣ አባዬ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንተ ከሄድክ ጥቂት ወር ቆይቶ የስልክ ብሎኖች ጭጋግ ውስጥ ይገቡብኝ ጀመር። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሞራ። እንደኛ በጣም ቅርብ ብቻ የሚያይ ዓይን ሞራው ከሰው ቀድሞ ሊመጣበት ይችላል አሉ። አራት ወር ሙሉ መብራቱ ነው፣ ማጉያው ነው፣ ዕቃው ነው እያልኩ አሳበብኩ። የአንድ ደንበኛዬን ስልክ ገመድ በስሕተት በጥሼ ሜሮን ስታየኝ ጊዜ ክንዴን ይዛ ከቢሮዋ አጠገብ ካለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደረጃው ሥር ቆሜ አልወጣም ስል «ዳድ፣ ጥርስ ማስነቀል እኮ አይደለም» አለችኝ። ምነው ጥርስ በሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በዕድሜ የሜሮን ታላቅ እኅት ብትሆን ነው። ያንተን ነገር ነገርኳት፤ ሠልስቱን ግን ዘለልኩት። እሷ ስለ ሞራው ብዙም አልተጨነቀችም፤ ያስጨነቃት ከኋላ ያለው ነው። የኛ ዓይን ከሰው ዓይን ረዝሟል አለችኝ። ፊኛ ሲነፋ ላስቲኩ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ከውስጥ የተለበጠው ሬቲናም አብሮ ይሳሳል። ሞራው ከወጣ በኋላ የዓይናችንን ሆድ የሞላው ዝልግልግ ነገር ቦታውን ይለቃል፤ ሲለቅ ሬቲናውን ጎትቶ ሊቀድደው ይችላል። በሁሉም ላይ አይደርስም፤ እንደኛ ባለ ዓይን ላይ ግን ከሌላው ይልቅ ያሰጋል፣ ወንድ ሲሆንና ዕድሜውም ገና ሲሆን የባሰ። ስጋቱም በሳምንት በወር የሚያልቅ አይደለም፣ ዓመታት ይከተላል።

ስለዚህ ሞራውን ከመንካቷ በፊት ብሌኔን በጠብታ ከፍታ የሬቲናውን ዳር ዳር መረመረች። ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ፣ ወደ ጆሮህ እይ እያለች አንገቴን አዞረችኝ። ቅዳድ ቢገኝ ቀድማ ትዘጋው ነበር። ቅዳድ የለም፤ ግን አንድ የሳሳ ቦታ አገኘች። በጨረር ተኩሺውና ልረፍ ብዬ ለመንኳት። የሳሳውን ሁሉ መተኮስ ይጠቅማል ብላ ቃል ልትሰጠኝ እንደማትችል ነገረችኝና ቦታውን ሥላ መዝገቤ ላይ አስቀመጠችው። ከቀዶ ጥገናው በኋላም በየቀጠሮው ዳር ዳሩን እንደምታይ፣ ግራ ዓይኔም ቀኙ እስኪረጋ እንደሚቆይ ነገረችኝ። ከዚያ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ ብልጭታ፣ በድንገት የሚበዛ ጥቁር ነጥብ፣ ከዳር የሚመጣ ጥላ። ከሦስቱ አንዱ ከመጣ በዓል ነው፣ እንግዳ አለብኝ፣ ነገ ይሻለኛል እንዳትል አለችኝ። ወረቀቷን ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳት። ደንበኞች የዋጋ ዝርዝር እየመሰላቸው ጠጋ ብለው ያነቧታል።

ሩቅ ነው ቅርብ የምትፈልገው ብላም ጠይቃኛለች። አንተ ሩቁን ወሰድክ፤ እኔ ለእንጀራዬ ስል ቅርቡን መረጥኩ። ሩቁን በስስ መነጽር አያለሁ። ቀኝ ዓይኔ ተሠራ፣ ብሎኖቹም ከጭጋጋቸው ወጡ። ደስታውን ግን አላጣጣምኩትም። አንተ ሰሌዳ ስታነብ እኔ ብልጭታ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

ዓይኔ በተሠራ በአምስተኛው ሳምንት ሙት ዓመትህ ደረሰ። ቅዳሜ ነበር። ፍትሐቱ በማለዳ ተደርጎ ወደ ቤት ተመለስን። ድንኳኑ በጠበበችው ግቢያችን ተተክሏል፤ አክስቴ ወርቅነሽ ከዋዜማው ጀምራ ጓዳውን ይዛ ሰዉን ሁሉ ታንቀሳቅሳለች። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ድፎ ዳቦውን ተሸክሜ ወደ ቄሶቹ ስራመድ ቀኝ ዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ አለ። ፎቶ ያነሡኝ መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም የለም። ደግሞ ብልጭ አለ። ከዚያ ጥላሸት የተበተነ ይመስል ጥቁር ነገር ከላይ ወደ ታች ወረደብኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ወዲያው አልወጣሁም። ዳቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ማዕዱ ይባረክና እሄዳለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ምን አላት፣ የበኩር ልጁ ከጠፋ ሰው ምን ይላል እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። አየህ፣ ከአንተ በኋላም ልብ አልገዛሁም። ያስወጣኝ ሌላ ነው። ከኋላዬ አንድ የእድር ሰው ለእንግዶቹ ያንተን ነገር ይተርካል፤ «ዓይናቸው እየጠፋ ከድንኳን ያልወጡ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?» ይላል። አድማጮቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዳቦውን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ በጓሮ በር ወጣሁ።

ለአልማዝ እንኳ ያልነገርኳት ንቄያት አይደለም። አንድ ሰው «ይባረክና ትሄዳለህ» ቢለኝ እንደምቀመጥ ስለማውቅ ነው። ራሴን አላመንኩትም።

ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ግማሹ ተዘግቷል፤ ሾፌሩ ስለ ቁፋሮው ያማርራል፣ እኔ አንዴ ግራዬን አንዴ ቀኜን እየከደንኩ የፊቱን መኪና አያለሁ። ሐኪሟ ጋ ስደውል ልትወጣ ቦርሳዋን ይዛለች። «እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ የሻማ ጠብታ ጫማዬ ላይ እንዳለ፣ የቦሌ ሰው መሐል ተቀምጬ ብሌኔ እስኪከፈት ጠበቅኩ። አንዲት ሴት «የማን ለቅሶ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የአባቴ አልኳት። ነፍስ ይማር አለችኝ፤ ሙት ዓመትህ ላይ ነፍስ ይማር ስባል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳድ ተገኘች። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት፣ ትንሽ፣ ሐኪሟ ከሣለችው ቦታ ትንሽ ፈንጠር ብላ። ፈሳሽ ገና ከጀርባዋ አልገባም። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደገፈችኝ፤ አረንጓዴ ብርሃን ደጋግሞ ብልጭ እያለ የቅዳዷን ዙሪያ እንደ ጨርቅ ጠርዝ ዘመዘመችው። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጨረስኩ ስትለኝ አገጬን ሳላነሣ እንባዬ መጣ። ያመመኝ መስሏት ደነገጠች። አባዬ፣ አላመመኝም። ያንተም ይኸው ነበር። የከለከልኩህ ይህቺን ሩብ ሰዓት ነው።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል። አልማዝ ዓይኔን አየች፣ ነጠላዬን አየች፣ «የት ነበርክ?» ብላ ሳትጮህ ጠየቀችኝ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አክስቴ ሰዎቿን ይዛ ላምበረት ወርዳ ተሳፍራለች፤ ደኅና ዋል ሳትለኝ። ከደብረ ብርሃን የመጡት ዘመዶች ሲወጡ «አባትየው ከሰው ድንኳን አልወጣም፣ ልጁ ከአባቱ ድንኳን ወጣ» ሲሉ ሜሮን ሰምታለች። ልጅቷ አልቻለችም፤ ልትመልስላቸው ስትል እናቷ ያዘቻት።

ሁለቱ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ጨረር የነካው ቦታ ጠባሳ አበጅቶ እስኪጠነክር ቀናት ይፈልጋል ስላሉኝ ከባድ ነገር አላነሣሁም፣ ሱቅ ብዙ አልቆየሁም፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓይኔ ይለቃል አይለቅም፣ ይኸው ብቻ ነው ሐሳቤ። ልጄንም አስጨንቄያታለሁ። ሜሮን መነጽሯን ለመገላገል ዓይኗን በሌዘር ልትሠራ አስባ ነበር፤ ሐኪሟ መነጽሩ ይወርድልሻል፣ ዓይንሽ ግን ያው ረጅም ዓይን ነው፣ ሬቲናሽን ማስመርመርሽን እንዳትተዪ አለቻት። ባለፈው ሳምንት ሜሮን ዳር ዳሩን አስመረመረች። ደኅና ናት። ለሦስተኛው ጠርሙስ ቢያንስ ይህን አስለመድኩ።

ዛሬ ጠዋት ቀጠሮዬ ነበር። ይዟል አለችኝ። ዙሪያው ጠንክሯል፤ አዲስ ቅዳድም የለም። አበቃ ማለት አይደለም፤ ይህ ዓይን ዕድሜ ልኩን ጠባቂ ይፈልጋል፣ ግራውም ተራውን ይጠብቃል። ግን ዛሬ ይዟል። ከክሊኒኩ ወጥቼ ወደ መድኃኔዓለም ዞሬ ተሳለምኩና እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ አክስቴ ጋ ደወልኩ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የተዘጋጀሁት። አላስጨረሰችኝም። «ታዴ፣ ዳቦ ከዓይን የሚበልጥብኝ መሰለህ? የከፋኝ ሳትነግረኝ መውጣትህ ነው። ብትነግረኝ ድንኳኑን እኔ እይዘው ነበር፤ አንተንም ለብቻህ አልሰድህም ነበር» አለችኝ። ያኔ አላስቻለኝም። መኪናው ሁሉ እየጮኸ፣ ሰው እየገፋኝ፣ የሠልስቱን ነገር ነገርኳት። ያዘገየው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት።

ከዚያ «እሱማ ያኔውኑ ነግሮኛል» አለችኝ።

ውሃ ላመጣ ብዬ የወጣሁ ጊዜ ነው አሉ የነገርካት። «ልጄ ማወቅሽን እንዳይሰማ። ዓይኑ የኔው ዓይን ነው፤ ነገ ተራው ሲደርስ በኔ የደረሰውን እያሰበ ሐኪም ቤት መርገጥ እንዳይፈራ» ብለሃታል። ወርቅነሽም አምስት ዓመት አፏን ዘጋች። ቀብርህ ላይ ያ ሲነበብም ቀና ብላ አላየችኝም።

ምን ልበልህ? መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ብትቆጣኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «አንተ ነህ» ብትለኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ ዓይንህን እያየሁ አላርም ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ደረጃው ሥር የቆምኩ ጊዜ ትዝ አለኝና ትንሽ ብትወቅሰኝ ኖሮ ያን ደረጃ እንደማልወጣው ገባኝ። እያወቅክ ነው ዝም ያልከው። ሁለት ታክሲ አሳልፌ ነው የተሳፈርኩት።

በሚመጣው ወር የእድሩ ስብሰባ ላይ እነሣለሁ። ታሪክህን አስተካክዬ እናገራለሁ፤ መዝገቡን ስላልጣልክ ዓይንህ እንዳልጠፋ፣ ልጅህ ስላስቀረህ እንደጠፋ። ይፈሩ ይሆናል፣ ያፍሩብኝም ይሆናል፤ ግድ የለም። አንተ በእጅህ ስትጽፍበት በኖርከው መዝገብ ላይ፣ ዓይኑን ያመመው ሰው ከማንም ድንኳን ቢወጣ እንዳይጠየቅ ይጻፍልኝ እላለሁ። አይሆንም ካሉኝ በሌላው ወር ደግሜ እጠይቃለሁ። ችክ ማለቴን ታውቀዋለህ፣ እሱንም ያወረስከኝ አንተ ነህ።

ሙት ዓመትህን በየዓመቱ አወጣለሁ፣ ዳቦህም ይቆረሳል። አንተን የማስበው ግን በዚያ ቀን ብቻ አይሆንም። ሱቄ ውስጥም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ላይ፣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ ይላል ካለኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አልጠይቀውም፣ ሰው ምን ይላል አልልም። ክንዱን ይዤ ተነሥ እለዋለሁ።

ልጅህ ታደሰ